ሰርፍ ለምዶ 30 ኪሎ ሜትር መቅዘፍ፦ ሀዋሳ ላይ አራት ወር ላለው ሰው

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሀዋሳ ልጅ ነኝ። ለሥራ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ከገባሁ 6 ዓመት ሆነኝ። እዚያ ሰርፍ፣ ማለትም በቦርድ ማዕበል ላይ ቆሞ መንሸራተት፣ ለምጃለሁ፤ ጎበዝ የምባል ግን አይደለሁም። ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሁለት ሰዓት እወጣለሁ። አሁን የሥራ ጓደኞቼ በፓድል ቦርድ ባህር ላይ 30 ኪሎ ሜትር ቆሞ መቅዘፍ የሚባል ውድድር ውስጥ ካልገባህ ብለው ይዘውኛል። 5 ወር ቀርቶታል። ከ5ቱ 4ቱን ወር ሀዋሳ እናቴ ጋ ነው የማሳልፈው። ሐይቁ ላይ ተለማምጄ ልጨርሰው እችላለሁ? ሰርፍ መቻሌስ ይጠቅመኛል? 34 ዓመቴ ነው፤ 78 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ነው። በአየር የሚሞላ ቦርድ ይዤ መምጣት እችላለሁ።»

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ትጨርሰዋለህ። የመጨረሻውን ወር ባህሩ ላይ ካሳለፍክ ሐይቁም ይበቃሃል። የሚያሳስበኝ ጉልበትህ አይደለም። ሰርፍ ያስለመደህ አንድ ጠባይ አለ። እሱን ሀዋሳ ላይ ካልተውከው 18ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ቦርድህ ላይ ተቀምጠህ ጀልባ ትጠብቃለህ።

እኔ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው ያደግሁት። መቅዘፍ የተማርኩት በአጎቴ የዓሣ ጀልባ ነው። በኋላ ውጭ አገር፣ በባህር ዳርቻ ላይ፣ ለ9 ዓመት ቀዘፋ አሰልጥኛለሁ። ከሰርፍ የመጡ ብዙ ሰዎች በእጄ አልፈዋል። ሁሉም ለማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራሉ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍልህ አትታክት።

እስቲ ሰርፍ ስትወጣ የምታደርገውን አስበው። በሆድህ ተኝተህ በእጅህ እየቀዘፍክ ትወጣለህ። ከዚያ ቦርዱ ላይ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። ማዕበሉ ሲመጣ ባለ በሌለ ኃይልህ አምስት ስድስት ጊዜ ቀዝፈህ ብድግ ትላለህ። ማዕበል ላይ ቆመህ የምትሄድበት ጊዜ ቢደመር፣ ውሃው ላይ ከቆየህበት ከ10 ከመቶ አይበልጥም። ልብህ ይዘላል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ይዘላል። ሰውነትህ የለመደው ይህንን ነው። ረጅም ቀዘፋ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። ባለ በሌለ ኃይል መቅዘፍም የለም። ከአራት ሰዓት በላይ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ ነው ያለው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጀማሪ ግን በደንብ የተለማመደ ሰው በረጋ ውሃ ላይ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። 30 ኪሎ ሜትር በዚህ ፍጥነት 4 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ይወስዳል። በደቂቃ 45 ጊዜ ብትቀዝፍ ጠቅላላው ከ11,500 በላይ ይመጣል። እያንዳንዱ ቀዘፋ 2 ሜትር ከ60 ሳንቲ ያህል ይገፋሃል ማለት ነው። ቀዘፋህ ላይ ትንሽ ጥፋት ካለ፣ ያቺን ጥፋት 11,500 ጊዜ ትደግማታለህ። ትከሻ የሚያልቀው በዚህ ነው። በተቃራኒው አንዷን ቀዘፋ 10 ሳንቲ ብታስረዝማት፣ ምንም ጉልበት ሳትጨምር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ በነጻ አገኘህ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ሥራ ቀዘፋን ማስተካከል ብቻ ይሁን። ኪሎ ሜትር አትቁጠር።

መቅዘፊያው የሚይዘው ከፊትህ ነው፤ የሚወጣው እግርህ ጋ ነው። ከእግርህ አልፎ ወደ ኋላ የምትስበው ውሃ ወደፊት አይወስድህም። የቦርዱን ጭራ ወደ ታች ይጎትተዋል እንጂ። ከወገብህ ትንሽ ጎንበስ በል፤ ታችኛውን እጅህን የቻልከውን ያህል ወደፊት ዘርጋ። መቅዘፊያው ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሳይገባ መሳብ አትጀምር። ስትጀምር «ጯ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ቸኩለሃል፤ ከውሃ ጋር አየር እየሳብክ ነው። በደንብ የገባ መቅዘፊያ ድምፅ የለውም። ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ጠዋት ፀጥ ያለ ነው፤ ራስህን በደንብ ትሰማለህ። ባህር ላይ ይህንን መስማት አይቻልም። እኔ ሐይቁን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የሚስበው ክንድህ አይደለም። ክንድህ መንጠቆ ነው። ኃይሉ ከወገብህና ከጀርባህ መዞር ይመጣል። እዚህ ላይ ሰርፍ ያሳስትሃል። ተኝተህ ስትቀዝፍ ሥራው የትከሻ ነበር፤ ስትቆምም ትከሻህ እኔ ልሥራ ይላል። አትፍቀድለት። ለመፈተሽ ቀላል ዘዴ አለ። ክንድህን ቀጥ እንዳደረግህ፣ ክርንህን ሳታጥፍ፣ 10 ደቂቃ ቅዘፍ። ቦርዱ የሚሄደው ወገብህ ሲዞር ብቻ መሆኑን ታያለህ። ከዚያ ክርንህን ትንሽ ፍታው። ይህንን በየቀኑ መጀመሪያ ላይ አድርገው።

ሌላ ትንሽ ነገር ልጨምር። የመቅዘፊያው ሰፊ ጫፍ ጋደል ያለ ነው። ብዙ ጀማሪ ገልብጦ ይይዘዋል፤ አካፋ ይመስለዋልና ወደ ራሱ ያጎነብሰዋል። ማጋደሉ ወደፊት፣ ወደ ቦርዱ አፍንጫ መሆን አለበት። ርዝመቱ ከቁመትህ 20 ሳንቲ ገደማ ይብለጥ፤ ላንተ 196 ሳንቲ አካባቢ ነው። ጫፉ ጠበብ ያለውን ምረጥ። ሰፊው ጎበዝ ያደረገህ ይመስላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ትከሻህን ይቀጣዋል።

ለመለካት ሰዓት አያስፈልግህም። ዳር ላይ ሁለት ምልክት ያዝ፤ አንድ ዛፍና አንድ የጀልባ ማቆሚያ ይሁን። በመካከላቸው ስንት ጊዜ እንደቀዘፍክ ቁጠር። ፍጥነትህን ሳትጨምር ቁጥሩን በየሳምንቱ ለመቀነስ ሞክር። ከ200 ወደ 180 ሲወርድ አንተም ቀዘፋም እየተግባባችሁ ነው።

አሁን ወደ ጠባዩ ልምጣ። የሰርፍ ሰው ውድድር ሲጀመር ይፈነዳል። ማዕበል የመጣ ይመስለዋል። ሁሉም ሰው ሲሮጥ እሱም ይሮጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች እየተነፈሰ ያጠናቅቃቸዋል። ከዚያ ቀሪው 28 ዕዳ መክፈል ነው። እኔም የመጀመሪያ ረጅም ውድድሬ ላይ እንዲሁ አድርጌያለሁ። ግማሹን ከፊተኞቹ ጋር ሄድኩ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ያህል ተጨማሪ ወሰደብኝ።

እኛ ይህንን ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሮጥ፣ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ግማሽ መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያ የዓለም ክብረ ወሰን የተሰበረው በእኩል ፍጥነት ነው። ሀዋሳ ላይ ከሐይቁ ሆነህ በስሙ የተሠራውን ሆቴል ባየህ ቁጥር ይህንን አስታውስ።

ውሃ ላይ ደግሞ ለመፍጠን የሚከፈለው ዋጋ ከመሬት የባሰ ነው። ምክንያቱን ላስረዳህ፤ ቦርድ ስትመርጥም ይጠቅምሃል። የሰርፍ ቦርድ በማዕበሉ ኃይል ውሃው ላይ ይንሸራተታል። የውድድር ፓድል ቦርድ ግን ውሃውን እየሰነጠቀ ነው የሚሄደው። ሲሄድ የራሱን ሞገድ ይፈጥራል። ፍጥነቱ ሲጨምር ያ ሞገድ ይረዝምና ከቦርዱ ርዝመት ጋር ይስተካከላል። ከዚያ በላይ ለመሄድ የራስህን ሞገድ ሽቅብ እንደ መውጣት ነው። ርዝመቱ 10 ጫማ የሆነ ቦርድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ እዚህ ግድግዳ ላይ ይጋጫል። 14 ጫማው ግድግዳውን የሚያገኘው ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ለውድድሩ 14 ጫማ ወይም ቢያንስ 12 ተኩል ጫማ የሆነ ቦርድ ያስፈልግሃል። ይዘኸው የምትመጣው በአየር የሚሞላም ቢሆን ረጅሙን አምጣ። ለሁሉም የሚሆን እየተባለ የሚሸጠው ሰፊውና አጭሩ ቦርድ ለ30 ኪሎ ሜትር ጠላት ነው። ወርዱ 70 ሳንቲ አካባቢ ቢሆን ላንተ ክብደት ጥሩ ነው፤ ሰርፍ የሰጠህ ሚዛን አለና ቶሎ ትለምደዋለህ። ይህ የሰርፍ የመጀመሪያው ጥቅም ነው።

አየሩን በሚገባ ሙላው፤ ልኩ ቦርዱ ላይ ተጽፏል። በግማሽ የተሞላ ቦርድ መሃሉ ይጎብጣል፤ ጎበጥ ባለ ቦርድ መቅዘፍ ጭቃ ውስጥ እንደ መራመድ ነው። ስትጨርስ ግን ፀሐይ ላይ እንደተሞላ አትተወው። አየሩ ሲሞቅ ይነፋል፤ ስፌቱ ይለቃል።

ስለ ሐይቁ እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልንገርህ። ያደግህበት ነው፤ ግን ከዳር ማየትና መሃሉ ላይ መቆም ይለያያል።

የሀዋሳ ሐይቅ ርዝመቱ 16 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለልምምድ ከበቂ በላይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን ትንፋሽህ ያጥራል። አትደንግጥ፤ ከደርባን፣ ከባሕር ጠለል ላይ ነው የመጣኸው። ሁለት ሳምንት ቀስ ብለህ ሥራ። የጨው ውሃ ደግሞ ከሐይቅ ውሃ በመጠኑ ስለሚከብድ ቦርዱን ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ሁለቱም ነገር ወደ ባህር ስትመለስ ለአንተ ያደላል።

ጠዋት ሐይቁ መስታወት ነው። ረፋዱ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል። ስለዚህ ረጅም ልምምድህን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምር፤ ነፋሱ ሳይነሳ ጨርስ። ከዚያ በፊት ግን አትግባ። ለምን? ጉማሬ። ጉማሬ ሌሊት ወደ ዳር ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ሊነጋ ሲል ወደ ውሃ ይመለሳል። በጨለማ ቄጠማ ውስጥ ቦርድ ይዘህ ስትገባ በእሱና በውሃው መካከል ትቆማለህ። ከዚህ የከፋ ቦታ የለም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደሚገባበት ዳርና ቄጠማ ወደሚበዛበት ሁሉ አትጠጋ። ጉማሬዎቹ ዛሬ የት እንዳሉ ዓሣ አጥማጆቹን ጠይቃቸው፤ በየቀኑ ያያሉ። እኔ ያደግሁበት ስለሆነ ብዬ አንድም ቀን ሳልጠይቅ አልገባም።

አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ጠዋት ነው የሚያወጡት። ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም ቁራጭ ፎም ስታይ መረብ አለ ማለት ነው። ዙርበት። ከቦርድህ ስር ያለው ክንፍ መረቡን ከያዘ አንተም ትወድቃለህ፣ የሰውየውም እንጀራ ይቀደዳል። ሰላምታ ስጣቸው፤ ስምህን ይወቁ። ሐይቁ ላይ የምትፈልገውን እርዳታ ሁሉ የምታገኘው ከእነሱ ነው።

ነፋስን በተመለከተ አንድ ሕግ አለኝ። ከዳር ወደ መሃል በሚነፍስ ነፋስ አልወጣም። ዳሩ ላይ ሕንጻና ዛፍ ስለሚከልለው ውሃው ፀጥ ያለ ይመስላል። መቶ ሁለት መቶ ሜትር ስትሄድ ይይዝሃል፤ መልሱ ሽቅብ ይሆናል። አንድ የማሠለጥነው ልጅ እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከነፋስ ጋር ታግሏል። ያወጣው በአጠገቡ ያለፈ የዓሣ ጀልባ ነው። ልጁ የሠራው አንድ ትክክለኛ ነገር ቦርዱን አለመልቀቁ ነበር። አንተም ነፋስ ሲያሸንፍህ ተንበርከክ፤ ካልሆነም በሆድህ ተኝተህ በእጅህ ቅዘፍ። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው ለነፋስ ሸራ ነው። ሲተኛ ሸራው ይወርዳል። ይህንን ከሰርፍ ታውቀዋለህ፤ ከሌሎች ጀማሪዎች የምትበልጥበት ሁለተኛው ነገር ነው። የእግር ገመድህን አትፍታ፤ ላይፍ ጃኬት ልበስ፤ ስልክህን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አንገትህ ላይ አንጠልጥል። ክረምት ላይ ከሆነ የምትመጣው ደመናው ሲጠቁር ውጣ። ባዶ ሐይቅ ላይ ረጅሙ ነገር አንተ ነህ፤ መብረቅ ይመርጥሃል።

ቢልሃርዝያ ሐይቃችን ውስጥ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ቀንድ አውጣው የሚኖረው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት ዳር ነው። ትሉ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በምትበረታበት፣ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ከጀልባ ማቆሚያ ላይ ሆነህ ቀጥታ ቦርዱ ላይ ውጣ። ዳር ላይ ውሃ ውስጥ ቆመህ ወሬ አታውራ። እንዲህም ተጠንቅቀህ ሙሉ በሙሉ አታመልጥም። ከመጨረሻው ቀን በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተህ ተመርመር። ደርባን ያለው ሐኪም ካልጠየቀህ አንተ ንገረው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በደንብ ይሠራል። ይህንን ለማስፈራራት አልጻፍኩትም። ብዙ ሰው ስለማይነግርህ ነው።

ልምምዱ በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። አንዱ ረጅም ነው። አንድ ሰዓት በሚፈጅ ልምምድ ጀምረህ በየሳምንቱ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጨምር፤ በየአራተኛው ሳምንት ቀንስ። ፍጥነቱ እያወራህ የምትሄድበት ይሁን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጥ መናገር ካቃተህ ፈጥነሃል። ሁለተኛው ቀን የቀዘፋ ማስተካከያ ነው። ሦስተኛው ላይ ጠንከር በል፤ 8 ደቂቃ ፈጠን፣ 3 ደቂቃ ቀስ፣ ይህንን አራት ጊዜ። አራተኛው ቀን ዝም ብለህ አንድ ሰዓት ቅዘፍ። ከጠየቅኸኝ የሚጠቅመው ረጅሙ ነው። ጠንካራው ቀን ቢቀር አይጎዳህም፤ ረጅሙ ግን አይቅር። ሐይቁን ብቻህን አታቋርጥ፤ ዳር ዳሩን ሁለት ኪሎ ሜትር ሄደህ ተመለስ፣ ደግመህ ሂድ። ይሰለቻል፤ አውቃለሁ። ውድድሩም መሃሉ ላይ እንዲሁ ይሰለቻል። መሰልቸትንም አብረህ ተለማመደው።

ጎን መቀያየር አትርሳ። ከ8 እስከ 10 ቀዘፋ በአንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ሰው ሲደክመው በሚቀናው ጎን ይቆያል፤ በማግስቱ አንድ ትከሻ ብቻ ያመዋል።

ምግብ ላይ የሰርፍ ሰው ምንም ልምድ የለውም። ሁለት ሰዓት ሰርፍ ሳይበሉ ይወጣል። አራት ሰዓት ቀዘፋ ግን ሳይበሉ አይጨረስም። በሰዓት ከ50 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል። አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ገደማ ይሰጥሃል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር 35 ገደማ ነው። የእናትህ በሶ እዚህ ቦታ አለው። በሶ በማር ቀጠን አድርገህ፣ ጨው ቆንጠር አድርገህ ጨምርበትና ኮዳ ውስጥ አድርገው። ይዘቅጣልና እየነቀነቅህ ጠጣ። ሆድህ ይቀበለው እንደሆነ ልምምድ ላይ ሞክረው፤ በውድድሩ ቀን አዲስ ነገር አይሞከርም። ደረቅ ቆሎ ግን ውሃ ላይ አትያዝ። እየተነፈስክ ማኘክ አይቻልም፤ ትን ይልሃል። በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ውሰድ። እስኪርብህ ከጠበቅህ ዘግይተሃል። ውሃም በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል፣ ሙቀት ካለ ትንሽ ጨምር። ጨው የሌለው ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣትም ይጎዳል፤ የደምን ጨው ያቀጥነዋል።

ጾመኛ ከሆንክ ረጅሙን ልምምድ ቅዳሜ ወይም እሁድ አድርገው። የሰዓት ጾም ስለሌለ ጠዋት በልተህ ትገባለህ። በሶ፣ ማርና ሙዝ ለጾምም ይሆናሉ።

አሁን ደስ ወደሚለው ክፍል መጣሁ። ደርባን ላይ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ወይም ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል። ውድድሩ ነፋስን ከኋላ አድርጎ የሚሄድ ከሆነ እድለኛ ነህ። ያኔ ሰርፍህ ዋጋ ያወጣል። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ውሃው ላይ ትንንሽ ሞገዶች ይደራረባሉ። እያንዳንዷ ለጥቂት ሰከንድ ትሸከምሃለች። መቅዘፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህንን አያይም፤ ዝም ብሎ ይቀዝፋል። አንተ ግን የቦርዱ ጭራ ከፍ ሲል ይሰማሃል። ያኔ ሦስት አራት ጊዜ ጠንከር አድርገህ ቅዘፍ፤ ከያዘችህ እረፍ፣ ተንፍስ፣ ጠጣ። ያልኩህ የፍንዳታ ጠባይ የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው፤ እሱም ሦስት አራት ቀዘፋ ያህል።

አንድ ልዩነት አለ። ሰርፍ ላይ ወደ ኋላ ታያለህ፤ ማዕበሉ ከየት እንደሚመጣ። እዚህ ወደፊት ነው የምታየው። ከፊትህ የተከፈተውን ጉድጓድ ፈልግ፤ የቦርድህን አፍንጫ ወደ እሱ አዙር። ጉብታውን ተከትለህ አትውጣ። ውሃ ቁልቁል ነው የሚወስድህ። ይህንን ሀዋሳ ላይ ከሰዓት በኋላ መለማመድ ትችላለህ። ነፋሱ ወደ ዳር፣ ወደ ሰው ወዳለበት የሚገፋህ ቀን ምረጥ፤ ጀልባ ተከራይ፤ ከጎንህ ይሂድ። ጀልባው ወደ መሃል ያውጣህ፤ አንተ ከነፋሱ ጋር ተመለስ። በወር ሁለት ጊዜ ይበቃል። የጀልባ ኪራይ ውድ ነው፤ ግን ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የምታጠፋበት ነገር አይታየኝም።

የመጨረሻውን ወር ባህሩ ላይ ስትሠራ የሚከብድህ ከጎን የሚመታው ሞገድ ነው። ሐይቅ ላይ ጥቂት ነው፤ እዚያ ለሰዓታት ይቆያል። የእግርህን ጉልበት አላላ፤ የእግር ጣቶችህ ቦርዱን አይቆንጥጡ። እግር የሚደነዝዘው ሰው ጣቱን ጭምድድ ሲያደርግ ነው። ማዕበሉን አልፈህ ወደ ባህሩ ስትወጣም 14 ጫማ ቦርድ እንደ ሰርፍ ቦርድ ማዕበል ስር አይጠልቅም። አፍንጫውን ቀጥታ ወደ ማዕበሉ አድርግ። ቦርዱን በአንተና በማዕበሉ መካከል ግን በፍጹም አታድርገው። ሲወድቅብህ ጥርስ ያወልቃል። ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት 24 ወይም 25 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ሂድ። ከዚያ ቀንስ። የመጨረሻዎቹ 10 ቀናት የእረፍት ናቸው፤ በዚያ ሰሞን የምትሠራው ሥራ ለውድድሩ አይደርስም።

አዘጋጆቹን ሁለት ነገር ጠይቅ። ስንት ሰዓት ውስጥ ነው መጨረስ ያለብኝ? ከሌላ ሰው ቦርድ ኋላ ተጠግቶ መሄድ ይፈቀዳል ወይ? ተጠግቶ መሄድ የቀዳሚውን ሞገድ ስለሚያስጋልብህ ብዙ ጉልበት ያተርፍልሃል። በብዙ ውድድር የሚፈቀደው ተመሳሳይ ቦርድ ከያዘ ሰው ጋር ብቻ ነው።

ትከሻህን አዳምጠው። ጡንቻ መዛል ጤና ነው። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት የሚከለክል ሕመም ግን ጤና አይደለም። ያኔ አንድ ሳምንት አቁም፤ ካልተሻለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይየው። ሰርፍ የሚያዘወትር ሰው ደረቱ ይጠብቃል፣ ትከሻው ወደፊት ይታጠፋል። በየቀኑ በር መቃን ላይ እጅህን ዘርግተህ ደረትህን ክፈት። አምስት ደቂቃ ነው።

ምዝገባውን አሁኑኑ ከመክፈልህ በፊት አንድ ፈተና ልስጥህ። 3ኛው ወር ሲያልቅ፣ ፀጥ ባለ ጠዋት፣ ሐይቁ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ሂድ። የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች የሄድክበትን ሰዓት ያዝ፤ የሁለተኛዎቹንም ያዝ። ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ካልበለጠና ስትወጣ ቦርድህን ራስህ ተሸክመህ እናትህ ቤት ከደረስክ፣ ገንዘብህን ክፈል። ልዩነቱ 15 ደቂቃ ከሆነ አቅም አንሶህ አይደለም፤ አጀማመርህ ነው የፈጠነው። በሳምንቱ ቀስ ብለህ ጀምረህ ድገመው። በሁለተኛውም ካልሆነ፣ ያው ውድድር አጭር ርቀት ካለው ዘንድሮ በእሱ ግባ። ለአሁኑ ግን ቦርዱን አምጣ። በመጣህ ሰሞን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ናና ቀዘፋህን ልየው።